ቃልና ሥሩ፦ ‹ክሪቭ› እና ሌሎቹ የአይሪሽ የቅርንጫፍ ቃላት

በዚህ እትም ከአንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ የአይሪሽ ቃል ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ቃሉ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሲ፣ አር፣ ኤ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኤች ነው፤ ሲነበብ ‹ክሪቭ›። ተቀራራቢ የሆኑትን ጥያቄዎች አጣምረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ አይሪሽ መማር ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆነኝ። መዝገበ ቃላቴ ‹ክሪቭ›ን መጀመሪያ ‹ቅርንጫፍ› ይለዋል፣ ቀጥሎ ‹ዛፍ›፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ‹ሻምፒዮና›። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? ዋናው ፍቺስ የትኛው ነው?

መልስ፦ ዋናው ፍቺ ቅጠል የለበሰ፣ ከግንድ ወጥቶ የተንሰራፋ ቅርንጫፍ ነው። ሌሎቹን ፍቺዎች ለመረዳት ይህን ሥዕል ይያዙት። ‹ክሪቭ› ሲባል አይሪሾች የሚታያቸው የተቆረጠ እንጨት አይደለም፤ ሕይወት ያለው፣ ወደ ውጭ የሚዘረጋ፣ ጥላ የሚጥል ነገር ነው። ለእንጨቱ ሌላ ቃል አላቸው፤ ወደ ታች እንደርስበታለን።

በጥንታዊው አይሪሽ ቃሉ ‹ክራይቭ› ተብሎ ይነበብ ነበር። መጨረሻው ላይ የሚጻፈው ቢ ብቻ ነበር፤ በዚያ ዘመን አጻጻፍ ከአናባቢ ቀጥሎ የመጣ ቢ እንደ ‹ቭ› ስለሚነበብ ኤች መጨመር አላስፈለገም። ቆየት ባሉት የአይሪሽ መጻሕፍት ደግሞ በኤች ፈንታ ቢ ላይ ነጥብ ያያሉ። ነጥቧ የምትሠራው ኤች የሚሠራውን ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ የቆየ መጽሐፍ ሲከፍት ቃሉን ‹ክሪብ› ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያም በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ያጣዋል።

‹ዛፍ› የሚለው ፍቺ ዘግይቶ የመጣ አይደለም። በአየርላንድ ትውፊት ከሁሉ የከበሩ አምስት ዛፎች ነበሩ። የሁለቱ ስም የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው፦ ክራይቭ ኡሽኒ እና ክራይቭ ዳቲ። ሁለቱም አሽ የሚባለው ዛፍ ዘር ናቸው። ስማቸው ‹የኡሽኒ ቅርንጫፍ› ተብሎ ቢተረጎም ትርጉም አይሰጥም። ሙሉ ዛፍ ናቸው፤ ያውም ሕዝብ ከሥራቸው የሚሰበሰብባቸው።

ዛሬ በአየርላንድ ዛፍን በተለመደው ንግግር ‹ክራን› ይሉታል፣ ቅርንጫፍን ‹ክሪቭ›። ባሕሩን ተሻግረው ስኮትላንድ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በስኮትላንድ ጌሊክ ‹ክሪቭ› የተለመደው የዛፍ ስም ነው፣ ‹ክራን› ደግሞ የመርከብ ምሰሶ ወይም ማረሻ ነው። በአየርላንድና በብሪታንያ መካከል ባለችው፣ ‹ማን› በምትባለው ደሴት ቋንቋ ዛፍ ‹ቢሊ› ይባላል፤ ይህም በአየርላንድ ‹ቢለ› ተብሎ ለተቀደሰ ወይም ለከበረ አሮጌ ዛፍ ብቻ የሚነገረው ቃል ነው። ሦስቱ ቋንቋዎች እህትማማቾች ናቸው፣ ቃላቱም የጋራ ናቸው። ለተራው ዛፍ የመረጡት ግን የተለያየ ነው። የአይሪሽ መዝገበ ቃላት ይዘው የስኮትላንድ ጽሑፍ ካነበቡ ጫካው በሙሉ ቅርንጫፍ ይሆንብዎታል።

ሻምፒዮናውን በተመለከተ፣ በአየርላንድ ቅርንጫፍ ለረጅም ዘመን የክብር ምልክት ነበር። ጥንታዊ ጽሑፎች እንደሚነግሩን ባለቅኔዎች እንደ ማዕረጋቸው ከበላያቸው ቅርንጫፍ ይያዝላቸው ነበር። ከሁሉ ለሚበልጠው፣ ‹ኦላቭ› ለሚባለው፣ የወርቅ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ላለው የብር፤ ለቀሩት የነሐስ። ኮርማክ ስለሚባለው ንጉሥ በሚተረከው ታሪክ ደግሞ ሦስት የወርቅ ፖም የተንጠለጠሉበት የብር ቅርንጫፍ አለ። ሲያወዛውዙት የሚሰማው ዜማ የቆሰለውንና የታመመውን ሳይቀር እንቅልፍ ያስወስደዋል። ‹ቅርንጫፉን ወሰደ› ማለት ‹አሸነፈ፣ የበላይ ሆነ› መሆኑ ከዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ ጋር ይገጥማል። ዛሬ የስፖርት ጋዜጣ ላይ ‹አን ኽሪቭ› ካዩ ሻምፒዮናው ማለት ነው። ‹ክሪቭ ና ሄረን› ሲሉ የመላ አየርላንድ ሻምፒዮና ይላሉ፤ በአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታዎች፣ በጌሊክ እግር ኳስና በዱላ በሚጫወቱት ሀርሊንግ፣ ከ1887 ጀምሮ የሚካሄደው።

ጥያቄ፦ ቀደም ሲል ‹ክሪቭ› አላችሁ፣ በመልሱ መጨረሻ ‹ኽሪቭ›። አንድ ጓደኛዬ ‹ክሬቭ› ይላል። የሬዲዮ ተናጋሪ ‹ክሪው› ሲል ሰምቻለሁ። ማንን ልከተል?

መልስ፦ አራቱም ትክክል ናቸው።

‹ክ› ወደ ‹ኽ› የሚለወጠው በሰዋስው ሕግ ነው። ቃሉ አንስታይ ጾታ ስለሆነ ‹አን› የሚለው ጠቋሚ ቃል ሲቀድመው የመጀመሪያው ድምፅ ይለሰልሳል፦ ‹ክሪቭ›፣ ግን ‹አን ኽሪቭ›። ብዙ ተማሪ በዚህ ድምፅ ይቸገራል፤ እኛ ግን ‹ኸ› የሚለው ፊደል ስላለን ከጉሮሮ በላይ በሚሻክረው አወጣጡ ይጠቀሙበት። ወደ ‹ሀ› አያላሉት። ‹አን ሪቭ› የሚመስል ነገር ከወጣዎ ሰሚው ሌላ ቃል ይፈልጋል።

‹የቅርንጫፉ› ወይም ‹የሻምፒዮናው› ሲሉ ‹ና ክሪቨ› ይሆናል። እዚህ ላይ ልስላሴው ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ አጭር አናባቢ ይጨመራል፣ ‹ቭ›ም ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግቶ ይነገራል። ብዙ ቁጥሩ ‹ክሪቫኻ› ነው። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ‹ና ኽሪቨ› በማለት ነው፤ አንስታይ ስም በአገናዛቢ ሲገባ ‹ክ›ው እንደነበረ ይቆያል።

አናባቢው የሚለያየው በአካባቢ ነው። በደቡቡ የመንስተር አነጋገር ኤ እና ኦ አንድ ላይ ሲጻፉ ረዥም ‹ኤ› ይሆናሉ፣ ስለዚህ ‹ክሬቭ›። በምዕራቡ በኮናክት ረዥም ‹ኢ› ነው። በሰሜኑ በአልስተር ደግሞ ወደ እኛው ሳድስ የሚጠጋ፣ ከንፈር ሳይሞጠሞጥ የሚረዝም ድምፅ ያሰማሉ። የመጨረሻው ‹ቭ› በሰሜንና በምዕራብ ብዙ ጊዜ ወደ ‹ው› ይላላል፤ ሬዲዮ ላይ የሰሙት ይህን ነው። ከመምህርዎ አነጋገር ጋር ይሂዱ። አንዱን ከያዙ በኋላ ግን በ‹ኤ› እና በ‹ኢ› መካከል አይዋልሉ፤ ተመሳሳይ አጻጻፍ ያላቸው ቃላት ሁሉ አብረው ይለወጣሉና።

ጥያቄ፦ በሰሜን አየርላንድ ካርታ ላይ ‹ክሩ ሂል› የሚባል ኮረብታ አየሁ። የመርከብ ሠራተኞች ከሚባሉበት የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አጻጻፉ አንድ ነው። ግንኙነት አላቸው?

መልስ፦ የላቸውም። ያ ‹ክሩ› ይኸው የያዝነው ‹ክሪቭ› ነው፣ ‹ቭ›ው ወደ ‹ው› ከላላ በኋላ በእንግሊዝኛ ጆሮ ተሰምቶ የተጻፈ። የኮረብታው የአይሪሽ ስም ‹ክሪቭ ሁልኻ› ነው። ቦታው በአንትሪም አውራጃ ከግሌናቪ አጠገብ ሲሆን የአልስተር ጥንታዊ ነገሥታት የሚነግሡበት ዛፍ የቆመው እዚያ ነበር።

ዛፉ ምን ያህል ይከበር እንደነበር ከጠላት አድራጎት መረዳት ይቻላል። በ1099 ኬኔል ኖዌን የሚባሉት የሰሜን ምዕራብ ባላንጣዎች ዘምተው ዛፉን ቆረጡት፣ የዘመኑ ዜና መዋዕልም አድራጎቱን መዘገበ። የአልስተር ሰዎች አልረሱትም። በ1111 እነርሱ በተራቸው ወደ ቱሊሆግ ዘመቱ። ቱሊሆግ የባላንጣቸው መንገሻ ነው፤ የዚያን ቦታ ዛፎች ቆርጠው ተመለሱ። ከብት ከመንዳት የከፋ ውርደት ነበር፤ የንግሥ ዛፉ የተቆረጠበት ሕዝብ ንጉሡን የሚያነግሥበት ስፍራ ተደፍሯል።

በካርታ ላይ ቃሉን ለመለየት ይህን ይያዙ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ‹ክሪቭ› የሚል ክፍል ያለው የአየርላንድ የቦታ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቃል የመጣ ነው፤ በሰሜኑ አንዳንዴ ‹ክሩ› ሆኖ ይመጣል። ‹ክሪቫ› የሚባሉት ብዙ ትንንሽ መንደሮች ‹ቅርንጫፋም› ማለትም ዛፍ የበዛበት ከሚለው ቅጽል የወጡ ናቸው። ዝም ብሎ ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ መደምደም ግን ያሳስታል። የአይሪሹን ስም ከመንግሥቱ የቦታ ስሞች መዝገብ ያረጋግጡ፣ ከተቻለም ቦታው በመካከለኛው ዘመን እንዴት ይጻፍ እንደነበር ይመልከቱ። የእንግሊዝኛው ቅርፅ የሰሚው ጆሮ ግምት ነው።

ጥያቄ፦ ‹ቀይ ቅርንጫፍ› የሚባሉት የአልስተር ተዋጊዎች ስማቸው ከየት መጣ? ቀይ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ነበር?

መልስ፦ ስሙ የቤት ስም ነው። በትረካው መሠረት በኤቨን ማኻ፣ ዛሬ አርማ ከተማ አጠገብ ናቫን ፎርት በሚባለው ስፍራ፣ ሦስት ታላላቅ ቤቶች ነበሩ። ነገሥታቱ የሚቀመጡበት ‹ክራይቭሩዋ› ነው። የተገደሉ ጠላቶች ራስና ምርኮ የሚቀመጥበት ‹ክራይቭዴርግ›፤ የጦር መሣሪያ የሚቀመጥበት ሦስተኛው ሌላ ስም ነበረው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስሞች ልብ ይበሉ። ሁለቱም ‹ቀይ ቅርንጫፍ› ተብለው ይተረጎማሉ፣ በአይሪሽ ግን ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ናቸው። ‹ሩዋ› የቀበሮ ፀጉርና የቀላ የሰው ፀጉር ቀለም ነው፣ ወደ ዳማ የሚሄድ። ‹ዴርግ› (ዛሬ ‹ጃረግ› የሚባለው) የደም ቀለም ነው። የተቆረጠ ራስ የሚቀመጥበት ቤት የደሙን ቀለም መያዙ ተገቢ ነው። በአማርኛ ሲተርጉሙ የነገሥታቱን ቤት ‹ዳማ ቅርንጫፍ›፣ ሁለተኛውን ‹ቀይ ቅርንጫፍ› ቢሉ ልዩነቱ ይተርፋል። ሁለቱንም ‹ቀይ› ካሉ አንባቢው አንድ ቤት ናቸው ብሎ ያልፋል፤ በብዙ ትርጉሞች የሆነውም ይኸው ነው።

ቦታው እውነተኛ ነው። በቁፋሮ የተገኘው፣ ወደ 40 ሜትር ስፋት የነበረው ክብ የእንጨት ሕንፃ የመካከል ምሰሶ ኦክ ሲሆን፣ ከእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበት በተደረገ ቆጠራ ዛፉ የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ95 መጨረሻ ወይም በ94 መጀመሪያ ነው። ‹ክሪቭሮ› የሚባል ሰፈርም በአቅራቢያው አለ፤ ስሙ ያው ‹ክሪቭ ሩዋ› ነው።

ጥያቄ፦ የምሠራው ትርጉም ነው። የባንክ ቅርንጫፍ፣ የማኅበር ቅርንጫፍ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የዘር ሐረግ፣ ሁሉንም ‹ክሪቭ› ልበል?

መልስ፦ አይበሉ። አማርኛ ‹ቅርንጫፍ› በሚለው አንድ ቃል ብዙ ያሳልፋል፣ አይሪሽ ግን ይከፋፍለዋል። አንድ በአንድ እንይ።

የባንክ ቅርንጫፍ ‹ብራንሸ› ነው፣ ከውጭ የተወሰደ ቃል። የቋንቋ ማኅበር ቅርንጫፍ ግን ‹ክሪቭ› ይባላል። ልማዱን ያጸናው በ1893 በደብሊን የተመሠረተው ኮንራ ና ጌልገ የተባለው የአይሪሽ ቋንቋ ማኅበር ነው፤ በ1901 የተቋቋመው የደብሊኑ የኪቲንግ ቅርንጫፉ ስሙ ‹ክሪቭ› ብሎ ይጀምራል። የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ፣ በኋላ ከ1938 እስከ 1945 የአየርላንድ የመጀመሪያ ርእሰ ብሔር የሆነው፣ የብዕር ስሙ ‹አን ክሪቪን ኢቪን› ነበር፤ ‹ደስ የሚያሰኘው ቀንበጥ› እንደማለት። ‹ክሪቪን› የ‹ክሪቭ› ማሳነሻ ነው። ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ፤ ጮክ ብለው ቢያነቧቸው ስሙ ለምን እንደተወደደ ይገባዎታል።

ጥንቃቄ የሚሻው እዚህ ነው። በቋንቋ ማኅበር ዜና ‹ክሪቭ ተመሠረተ› ቢል አዲስ ቅርንጫፍ ተቋቋመ ማለት ነው። በስፖርት ዜና ‹ክሪቭ አሸነፉ› ቢል ዋንጫው የእነርሱ ሆነ ማለት ነው። በስፖርቱ ማኅበር ውስጥ የአካባቢው ቡድን ‹ኩመን› ይባላል እንጂ ‹ክሪቭ› አይባልም። ስለዚህ ቃሉን ከመተርጎምዎ በፊት ዜናው የማን እንደሆነ ይመልከቱ።

ወፍራሙን፣ ከግንዱ የሚወጣውን ክንድ መሰል ቅርንጫፍ ‹ጌግ› ይሉታል። የሰው እጅና እግርም ‹ጌግ› ነው። በዌልስኛ ‹ካይንክ› የሚባለው ዘመዱ ነው፤ እዚያ ከቅርንጫፍ ሌላ ዜማ ማለትም ሆኗል። ልዩነቱን እንዲህ ይያዙት፦ ‹ጌግ› ላይ ልጅ ይቀመጣል፣ ‹ክሪቭ› ግን ቅጠሉን ያወዛውዛል።

ለዘር ሐረግ ‹ክሪቭ ጊናሊ› ይባላል። እኛ ትውልድን በሐረግ መስለናል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተጠመጠመ የሚሄድ። እነርሱ በቅርንጫፍ መስለውታል። በ1650 በጎልዌይ ከተማ ታላቁን የትውልድ መጽሐፍ ያጠናቀቀው ዱልታክ ማክ ኢርቪሺ በርእሱ ላይ ሁለቱንም ቃላት ተጠቅሟል፦ ለዝምድና ‹ክሪቭ›፣ ለትውልድ ቆጠራ ‹ጌግ›። ተርጓሚ ሁለቱንም ‹ቅርንጫፍ› ቢል የደራሲው ድርብ አነጋገር ይጠፋል። ‹የዝምድና ቅርንጫፎችና የትውልድ ሐረጎች› ማለት ይሻላል።

ከዚህ ወረድ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፣ ለእነርሱም አማርኛ ጥሩ ቃላት አለው። ‹ክሪቮግ› ቅጠል ያለበት ዝንጣፊ ነው። ‹ብያንጋን› ቀንበጥ ነው። ‹ብሮስና› ለማገዶ የሚለቀም ጭራሮ ነው፤ ‹ብሮስና›ን ‹የደረቀ ቅርንጫፍ› ብሎ ማብራራት ‹ጭራሮ› የሚል ቃል ለሌለው ሰው ነው። ‹ኪፒን› ስንጥር መሳይ አጭር እንጨት ነው፤ ክብሪትም ‹የብርሃን ኪፒን› ይባላል። ‹በኪፒን ላይ ነኝ› የሚል ሰው እንጨት ላይ አልቆመም፤ ልቡ ተሰቅሎ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ‹ስላት› ደግሞ ዘንግ ነው፣ የርዝመት መለኪያም ነው። እንደ መለኪያ 3 ጫማ ወይም 0.9144 ሜትር ይሆናል፤ ‹ስላት ቶሽ› ሲሉ መመዘኛ፣ መስፈርት ማለታቸው ነው።

ጥያቄ፦ ‹ክሪቭስኪል› የሚል ግሥ በሃይማኖት ጽሑፍ አገኘሁ። ‹ቅርንጫፍ መፍታት› ብዬ ተረጎምኩት፣ ግን አልገባኝም።

መልስ፦ ክፍሎቹን በትክክል ለይተዋል፤ ‹ስኪል› መፍታት፣ መልቀቅ ነው። ሙሉው ቃል ግን ‹አሰራጨ፣ ሰበከ› ማለት ነው። ዛፍ ቅርንጫፉን ወደየአቅጣጫው እንደሚለቅ ቃልን ወደየቦታው መልቀቅ። ስለ ወንጌል ከሆነ ‹ሰበከ›፣ ስለ አሳብ ወይም ስለ ዕውቀት ከሆነ ‹አሰራጨ› ይበሉት፣ ቅርንጫፉን ይተዉት።

በዚሁ አጋጣሚ፣ አንድ ሌላ አንባቢ ‹ዱል ለ ክሪቫኻ›፣ ቃል በቃል ‹ከቅርንጫፎች ጋር መሄድ› ስለሚለው ፈሊጥ ጠይቀዋል። ‹አቅሉን ሳተ፣ ጨርቁን ጣለ› ማለት ነው፤ በቁጣም በደስታም ከልክ ላለፈ ሰው ይነገራል። ሥዕሉን ማየት ለሚፈልግ፣ የመካከለኛው ዘመን ተረት ስለ ንጉሥ ሲቭነ ይነግረናል። በ637 በተደረገው የማግ ራ ጦርነት በቅዱስ ሮናን እርግማን አእምሮው ተናወጠ። ከጦር ሜዳው ሸሽቶ እንደ ወፍ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ፣ ብርድና ረኃብ እየቀጣው ዓመታት ኖረ፤ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖም ግጥም ይገጥም ነበር። እብደትና ቅርንጫፍ በአይሪሽ አእምሮ ውስጥ ከጥንት ይተዋወቃሉ።

ጥያቄ፦ ኦገም በሚባለው፣ በጭረት በሚጻፈው የጥንት አይሪሽ ጽሕፈት፣ ፊደሎቹ ሁሉ የዛፍ ስም አላቸው የሚባለው እውነት ነው? ጭረቶቹስ ‹ቅርንጫፍ› ይባላሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያው በከፊል ብቻ ነው። ኦገም በመጀመሪያ 20 ፊደላት ነበሩት፣ አምስት አምስት ሆነው በ4 ቡድን የተከፈሉ። ከስሞቹ መካከል የበርች፣ የአልደር፣ የአኻያ፣ የኦክና የሃዘል ዛፍ ስሞች በእርግጥ አሉ። ሌሎቹን ወደ ዛፍ ስም ያዞሩት የኋለኞቹ ሊቃውንት ናቸው። ፊደሎቹ በየወሩ የተመደቡ ዛፎች ናቸው የሚለው ‹የዛፍ ቀን መቁጠሪያ› ጥንታዊ አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጠረ ነው።

ሁለተኛው ግን ወደ እውነት ይቀርባል፣ ቃሉ ‹ክሪቭ› አለመሆኑ ብቻ ነው። ፊደሉ በጥቅሉ ‹ፊድ› ይባላል፣ እንጨት ወይም ዛፍ ማለት። እያንዳንዱ ጭረት ‹ፍሌስክ› ይባላል፣ ቀጭን በትር ወይም አርጩሜ። ጭረቶቹ የሚወጡበት መካከለኛ መስመር ደግሞ ‹ጀርባ› ይባላል። በድንጋይ ላይ መስመሩ ብዙ ጊዜ የድንጋዩ ጠርዝ ራሱ ነው። ንባቡ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ የድሮዎቹ መምህራን ዛፍ እንደሚወጣ ሰው ይነበባል ይላሉ። ከአንድ እስከ አምስት ጭረት በመስመሩ አንድ ጎን፣ በሌላው ጎን፣ በሰያፍ ተሻግሮ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ባሉ ትንንሽ ቁርጦች ይቀረጻል። ጀማሪ የሚሳሳተው ጭረቶቹን ሲቆጥር ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ሲያነብ ነው፤ ያን ጊዜ ግራው ቀኝ ይሆንና ቢው ኤች፣ ኤሉ ዲ ሆኖ ይነበባል።

‹ፍሌስክ› የሚለው ቃል ዛሬም በጽሕፈት ውስጥ አለ። በአይሪሽ ሁለት ቃላትን የምታያይዘው ትንሽ ሰረዝ ስሟ ‹ፍሌሽኪን› ነው፤ ትንሿ በትር።